አሮጌውን ሲስተም ከመጣላችሁ በፊት መግቢያውንና ሜኑውን አሠሩት

ቃሊቲ፣ አቃቂ፣ ገላን አካባቢ ፋብሪካ ወይም መጋዘን ውስጥ የምትሠሩና በየቀኑ «ሲስተሙ አስመረረን» የምትሉ ሰዎች፣ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። እኔ የምሠራው ከቃሊቲ መናኸሪያ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ አምራች ድርጅት ውስጥ ነው፤ ንብረትና ሂሳብ ክፍል። የምገመግመው ደግሞ አንድ ትንሽ የሶፍትዌር ቡድን የሠራልንን ሥራ ነው። ሲስተማችንን አልቀየሩልንም። አዲስ ፕሮግራምም አልሸጡልንም። የነኩት ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ሠራተኛው ወደ ሲስተሙ የሚገባበትን መንገድና ከገባ በኋላ የሚፈልገው ቦታ የሚደርስበትን ሜኑ። ከአምስት አራት ሰጥቻቸዋለሁ። አንዷን ለምን እንደቀነስኩ ወደ ታች አለ፤ ቀላል ምክንያትም አይደለም።

መጀመሪያ ስለ ሲስተሙ። ሁላችንም እስካሁን ኤ.ኤስ 400 እያልን በምንጠራው የአይቢኤም ማሽን ላይ ነው የምንሠራው። አይቢኤም ይህን ማሽን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ከዚያ ወዲህ ስሙ ተቀያይሯል፤ በ2000 አይሲሪስ፣ በ2006 ሲስተም አይ ተባለ፣ ከ2008 ወዲህ ደግሞ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አይቢኤም አይ ነው የሚባለው። እኛ ጋ የቀረው የድሮ ስሙ ነው። ጥቁር ስክሪን፣ አረንጓዴ ጽሑፍ፣ 24 መስመር በ80 ፊደል። አዲስ የሚቀጠሩ ልጆች ሲያዩት ይደነግጣሉ። ማሽኑ ግን ጠንካራ ነው፤ ቆጠራ ሲደረግ የስቶኩ ቁጥር ይገጥማል፣ ፋይል አይበላሽም፣ ሰርቨሩ ራሱ ወድቆ ሥራ ያቆምንበትን ጊዜ አላስታውስም። ላዩ ላይ ያለውን የስቶርና የሂሳብ ፕሮግራም የጻፈው ሌላ አቅራቢ ነው፣ ከብዙ ዓመት በፊት፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ እንደተመቸው አንድ አንድ ሜኑ እየጨመረበት ሄደ።

ችግሩ የነበረው በር ላይ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ስንገባ ኮምፒውተሩ የዊንዶውስ ፓስወርድ ይጠይቃል። እሱን አልፋችሁ አረንጓዴውን ስክሪን የሚያመጣውን ፕሮግራም ስትከፍቱ በትንሽ መስኮት ሌላ ስምና ፓስወርድ ይጠይቃል። ከዚያ አረንጓዴው ስክሪን ራሱ ይመጣና እዚያው የጻፋችሁትን ስምና ፓስወርድ ድጋሚ ይጠይቃል። አላበቃም። የስቶሩ ፕሮግራም ደግሞ የራሱ የኦፕሬተር ኮድና የራሱ ፓስወርድ አለው። ከዚያ የትኛው መጋዘን? የዛሬ ቀን ስንት ነው? ይህን ሁሉ ካለፋችሁ በኋላ ነው ዋናው ሜኑ የሚመጣው፣ እሱም የሚፈልጉት ነገር የሌለበት።

ፓስወርዶቹ ደግሞ የሚያልፍባቸው ቀን የተለያየ ነው። አንዱን ዛሬ ትቀይራላችሁ፣ ሌላው በሳምንቱ ቀይሩኝ ይላል። ሦስት ጊዜ ከተሳሳታችሁ ስማችሁ ይቆለፋል፣ የሚከፍተው የአይቲ ሰው ደግሞ ከተማ ዋናው ቢሮ ነው፣ ስልኩ ተይዟል። ውጭ ሲኖትራኮች ተሰልፈዋል፣ ሾፌሩ ጭኖ ጨርሷል፣ የመውጫ ወረቀት ብቻ ነው የሚጠብቀው፣ አዳማ ሳይመሽ መድረስ አለበት፣ ስቶር ኪፐሩ ደግሞ ስሙ ተቆልፎበት ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብሏል። እንግዲህ ሰው ምን ያደርጋል? የሚሆነው የታወቀ ነው። ያልተቆለፈበት ሰው በጠዋት ይገባል፣ ቀኑን ሙሉ ሁሉም በእሱ ስም ይሠራል። ፓስወርዱም በወረቀት ተጽፎ ኪቦርድ ሥር ይቀመጣል። ኦዲተር መጥቶ «ይህን ወጪ ማን ነው ያደረገው?» ሲል ሲስተሙ የሚያሳየው የአንድ ሰው ስም ነው፣ ያ ሰው ደግሞ ዕለቱ ፈቃድ ላይ ነበር። ይህ ተራ የቢሮ ጉዳይ አይደለም። የሰው እንጀራ የሚነካ ነገር ነው፤ ባልነካው ዕቃ ሊጠየቅ የሚችል ሰው አለ።

ከእነዚህ ልጆች በፊት የመጡ ነበሩ። አንዱ ድርጅት ሁሉንም ጥላችሁ አዲስ ኢአርፒ፣ ማለትም የድርጅቱን ሥራ ሁሉ በአንድ ላይ የሚይዝ ትልቅ ፕሮግራም፣ ግዙ አለን፣ ፕሮፎርማውም መጣ። ሌላ ሰው ደግሞ በጣም ቀላል መፍትሔ አለኝ አለ፦ ስሙንና ፓስወርዱን ራሱ የሚተይብ ማክሮ ቀድቶ በየኮምፒውተሩ ማስቀመጥ። አንድ ጊዜ ጠቅ፣ ገባችሁ። ለአለቆች በጣም ጣማቸው። ግን ማክሮ ማለት ተራ ፋይል ነው፤ ፓስወርዱ እዚያ ውስጥ በግልጽ ከተጻፈ ፋይሉን የከፈተ ሁሉ ያነበዋል፣ ስቶር ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ የማይቀመጥ ሰው የለም። ወረቀቱን ከኪቦርድ ሥር አንስቶ ኮምፒውተሩ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። የአሁኖቹ ልጆች ይህን ሐሳብ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ነው ውድቅ ያደረጉት፣ በምክንያት። እኔም ያን ጊዜ ነው ጆሮዬን የሰጠኋቸው።

አጀማመራቸውን ወደድኩት። ስላይድ ይዘው አዳራሽ አልጠሩንም። ስቶር መጥተው ቁጭ አሉ። ሚዛኑ ጋ፣ ጌቱ ጋ፣ ኢንቮይስ የምትቆርጠው ልጅ አጠገብ ተቀምጠው ሰው ሲሠራ አዩ። ከቡድኑ አንዷ ልጅ የስቶር ኃላፊያችንን፣ ዕድሜውን እዚያ የጨረሰ ሰው ነው፣ «ጋሼ፣ ጠዋት ከገቡ በኋላ መጀመሪያ የሚከፍቱት የትኛውን ነው?» ስትለው «ልጄ፣ ስሙን እንኳ አላውቀውም፤ 4፣ 2፣ 7፣ 1 ነው የምመታው» አላት። ያንን ጻፈችው። ያቺ መልስ በኋላ ትልቅ ነገር ሆነች፣ እመለስባታለሁ። ከዚያ ደግሞ ሰው የነገራቸውን ብቻ ይዘው አልሄዱም፤ የትኛው ክፍል የትኛውን ፕሮግራም ስንቴ እንደሚከፍት ከሲስተሙ መዝገብ አውጥተው አመሳከሩ። ሰው አልፎ አልፎ የሚሠራውን ከባድ ሥራ ያስታውሳል፣ ቀኑን ሙሉ የሚደጋግመውን ቀላል ነገር ይረሳዋል።

አሁን ወደ መግቢያው። የገረመኝ ነገር ቢኖር አብዛኛው መፍትሔ ማሽናችን ውስጥ ተኝቶ የነበረ መሆኑ ነው። በኤ.ኤስ 400 ላይ እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ ፕሮፋይል አለው። ፕሮፋይሉ ላይ ሰውየው እንደገባ የትኛው ፕሮግራም እንዲነሳለት፣ የትኛው ሜኑ እንዲመጣለት ይጻፋል። እኛ ጋ ይህ ቦታ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነበር የተሞላው፤ ካሸሩም፣ ስቶር ኪፐሩም፣ ደመወዝ የሚሠራውም አንድ ሜኑ ላይ ነው የሚያርፉት። ቡድኑ በሥራ ድርሻ ከፋፈለው። ስቶር ኪፐር ሲገባ ስቶር ላይ ነው የሚያርፈው፣ የሚዛን ሠራተኛ ሚዛን ላይ። የትኛው መጋዘን እንደሆነም አይጠየቅም፣ ምክንያቱም የአንድ መጋዘን ሰው ነው። ሁለት መጋዘን የሚይዙት ብቻ ይጠየቃሉ። ቀኑንም ማሽኑ ራሱ ያውቀዋል፤ የትናንት ሥራ የሚመዘግብ ሰው ብቻ ቀይሮ ያስገባል።

ከዚያ ትልቁ ነገር፦ የስቶሩ ፕሮግራም ሁለተኛ ኮድና ፓስወርድ መጠየቁን አቆመ። ማሽኑ ሰውየውን አንድ ጊዜ ካረጋገጠ ፕሮግራሙ ማንነቱን ከማሽኑ ይወስዳል። ሁለተኛው ፓስወርድ ምንም የሚጠብቀው ነገር አልነበረም። ይህን ሲያነሱ የሂሳብ ኃላፊያችን «ደኅንነት ቀነሳችሁብኝ» ብለው ተከራክረው ነበር፤ ልጆቹ ግን በትዕግሥት አስረዷቸው፣ አሁን እያንዳንዱ ወጪ ላይ የሚመዘገበው በትክክል የገባው ሰው ስም ነው፣ ድሮ ግን ኮዱን የሚያውቅ ሁሉ በሌላ ሰው ኮድ መሥራት ይችል ነበር።

የመግቢያ ስክሪኑንም አጸዱት። የምታውቁት ካላችሁ፣ ከስምና ከፓስወርድ ሥር ፕሮግራም፣ ሜኑ፣ ላይብረሪ የሚሉ ባዶ ቦታዎች አሉ። አዲስ ሠራተኛ እነሱንም መሙላት ያለበት ይመስለዋል። እነዚህን ከዓይን ሰወሯቸው። መሰወር ብቻ አይበቃም ብለውም ተራው ተጠቃሚ ትእዛዝ እንዳይጽፍና የመነሻ ሜኑውን እንዳይቀይር ፕሮፋይሉ ላይ ገደብ አስቀመጡ።

ቢሮ ውስጥ ያለነው ደግሞ ሌላ ነገር አገኘን። ጠዋት ዊንዶውስ ላይ ከገባን በኋላ አረንጓዴው ስክሪን ምንም ሳይጠይቀን ይከፈታል። ይህ እንደ ማክሮው ፓስወርድ ቀድቶ መላክ አይደለም። ከርበሮስ በሚባል ዘዴ የቢሮው ሰርቨር «ይህን ሰው አረጋግጬዋለሁ» የሚል ትኬት ይሰጣል፣ ማሽኑ ትኬቱን ያያል፣ ከዚያ ኢ.አይ.ኤም የሚባለው መዝገብ የዊንዶውሱ ስምና የኤ.ኤስ 400ው ስም የአንድ ሰው መሆናቸውን ያዛምዳል። ይህ አሠራር ማሽኑ ላይ ያለው ከእ.ኤ.አ. 2002 ጀምሮ ነው። ለዚህ ብለን የገዛነው አዲስ ሶፍትዌር የለም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር በደንብ ላስምርበት፣ ምክንያቱም ሌላ ቦታ ሲበላሽ ስለሚሰማ። ይህንን ነጻ መግቢያ ስቶርና ጌት ላይ አላደረጉትም። ጠየቅናቸው፣ እምቢ አሉ። ትክክል ናቸው። ስቶሩ ውስጥ ያለ ኮምፒውተር የሦስት ፈረቃ ሰው ይቀመጥበታል፣ ዊንዶውሱ ጠዋት በአንድ ሰው ስም ከተከፈተ ማታም በእሱ ስም ነው። እዚያ ነጻ መግቢያ ማለት የድሮውን ችግር በአዲስ ዘዴ መመለስ ነው። ስለዚህ የስቶር ሰው አንድ ስምና አንድ ፓስወርድ ያስገባል። አንድ ጊዜ ብቻ። ሲነሳም አንድ ቁልፍ ተጭኖ ይወጣል፣ ቀጣዩ በራሱ ይገባል። በሩ አጭር ስለሆነ ሰው የራሱን ስም መጠቀም አልከበደውም። ሰው የሌላውን ስም የሚዋሰው ሌባ ሆኖ አይደለም፣ መንገዱ ስለረዘመበት ነው።

ስለ ፓስወርዱ ዕድሜም ክርክር ነበር። እኛ ጋ በየ30 ቀኑ ቀይሩ የሚል ሕግ ነበር። ቡድኑ ሕጉ ይቅር አለ። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ላይ ፓስወርድ ተሰርቋል የሚያሰኝ ምልክት ከሌለ በስተቀር ሰውን በቀን ቆጠራ ቀይር ብሎ ማስገደድ እንደማያስፈልግ ጽፏል። ምክንያቱን እኛው በዓይናችን አይተነዋል፤ በየወሩ የሚቀየር ፓስወርድ መጨረሻው ላይ ያለችው ቁጥር ብቻ ናት የምትቀየረው፣ ወይም ወረቀት ላይ ይጻፋል። አለቆች ሙሉ በሙሉ አልተቀበሉትም፣ ግን ጊዜውን አራዘሙት። ፓስወርዱም ረዘም እንዲል ተደረገ። ኪቦርድ ሥር የነበረው ወረቀት አሁን የለም፤ ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ።

መብራት። ይህን ካላነሳሁ ግምገማው ሙሉ አይሆንም። የእኛ ሰፈር መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የስቶሩ ኮምፒውተር ይዘጋል፣ ሰርቨሩ ግን ዋናው ቢሮ ጄኔሬተር ስላለው አይዘጋም። ሰርቨሩ ሰውየው ገና ያለ ይመስለዋል። መብራቱ መጥቶ ልግባ ሲል «ይህ ስክሪን ተይዟል» ይባላል፣ እንደገና ወደ አይቲ ስልክ። አሁን እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱ ቋሚ የስክሪን ስም ተሰጥቶታል፣ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ሥራው ወዲያው ከመገደል ይልቅ ተንጠልጥሎ እንዲቆይ ተደርጓል። ተመልሳችሁ በዚያው ኮምፒውተር በራሳችሁ ስም ስትገቡ አብዛኛውን ጊዜ ያቆማችሁበት ቦታ ታገኙታላችሁ። ሁልጊዜ ግን አይሠራም፤ አንዳንዱ አሮጌ ፕሮግራም ላይ ይንገዳገድና ከሜኑው ያስጀምራል። ቢሆንም ስቶር ኪፐሩ ማንንም ሳይለምን ራሱ ይገባል። ለእኔ ይህ ብቻውን ክፍያውን ያወጣል።

ወደ ሜኑው ልምጣ። ድሮ ዋናው ሜኑ ላይ የድርጅቱ ሥራ ሁሉ ተዘርግቶ ነበር። የስቶር ወጪ ለመሥራት 4፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 7፣ ከዚያ 1። እያንዳንዱ ቁጥር አዲስ ስክሪን ነው። ስማቸውም በአህጽሮት የተጻፈ፣ የጻፈው ሰው ብቻ የሚገባው። አንዱ ላይ ወደ ኋላ ለመመለስ ኤፍ 3 ነው፣ ሌላው ላይ ኤፍ 7፣ አንዱ ላይ ደግሞ ኤፍ 3 ስትጫኑ የሞላችሁትን ሁሉ ጥሎ ይወጣል። አዲስ ልጅ ለማሠልጠን የምንፈጀው ጊዜ በአብዛኛው ይህንን በማስጠናት ያልቅ ነበር። የስቶር ሥራ ምን እንደሆነ ሳይማር ቁጥር ይማራል።

አሁን ስቶር ኪፐሩ የሚያየው አንድ ስክሪን ነው። የዕቃ ገቢ፣ የዕቃ ወጪ፣ ቀሪ ማየት፣ ከመጋዘን መጋዘን ማዛወር፣ ቆጠራ፣ መውጫ ማተም። በቃ። ቅደም ተከተሉን ያወጡት መጀመሪያ ካመሳከሩት የሲስተሙ መዝገብ ነው፣ በብዛት የሚከፈተው ከላይ። የማይከፍተው ነገር አይታየውም። ቁልፎቹም አንድ ዓይነት ሆኑ፤ ኤፍ 3 ከሥራው መውጣት፣ ኤፍ 12 አንድ ስክሪን ወደ ኋላ፣ ኤፍ 4 ዝርዝር ማምጣት፣ ኤፍ 1 እርዳታ። ይህ የእነሱ ፈጠራ አይደለም፣ አይቢኤም ራሱ በማሽኑ ላይ የሚጠቀምበት ልማድ ነው። የኛ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ነበሩ ያልተከተሉት።

እና ያቺ 4፣ 2፣ 7፣ 1። ሌላ ባለሙያ ቢሆን አዲስ ሜኑ ሠርቶ የድሮውን ያጠፋው ነበር። እነዚህ ግን የድሮዎቹን ቁጥሮች በአቋራጭነት አቆዩአቸው። ስልካችሁ ላይ ቀሪ ሂሳብ ለማየት *804# ስትመቱ ስሙን አታነቡም፣ ጣታችሁ ያውቀዋል፤ የስቶር ኃላፊያችንም እንደዚያው ነው። ከየትም ሆኖ 4271 ብሎ አንድ ጊዜ ጽፎ ኢንተር ሲል ወጪው ይከፈትለታል። ድሮ አራት ስክሪን የነበረው አንድ ሆነ፣ እሱ ግን አዲስ ነገር አልተማረም። አዲሶቹ ልጆች ደግሞ ስሙን አንብበው ይመርጣሉ። ለሁለቱም ተመቸ። አሮጌ ሲስተም የሚያድስ ሰው ሁሉ ይህንን ቢያስብበት እላለሁ፣ ምክንያቱም ለዓመታት የሠራ ሰው ጣት ውስጥ ያለው ፍጥነት የድርጅቱ ንብረት ነው፣ በአንድ ቀን ማጥፋት ግን በጣም ቀላል ነው።

ሌላው የወደድኩት እስኬፕ ቁልፍ ላይ ያስቀመጡት ነው። ኢንቮይስ እየቆረጣችሁ መሃል ላይ ደንበኛ ደውሎ «ያ ዕቃ ስንት ቀረ?» ሲል ድሮ ኢንቮይሱን ጥላችሁ ወጥታችሁ፣ በሌላ ሜኑ ገብታችሁ፣ አይታችሁ ትመለሳላችሁ፣ የጀመራችሁትን እንደገና ትሞላላችሁ። አሁን እስኬፕ ስትጫኑ ትንሽ ሜኑ ይመጣል፣ ቀሪ ታያላችሁ፣ ትዘጋላችሁ፣ ኢንቮይሱ ባለበት አለ። ማሽኑ ይህንን የሚችልበት ቦታ ፕሮፋይሉ ላይ አለው፣ እኛ ጋ ባዶ ነበር። ኢንቮይስ የምትቆርጠው ልጅ ይህንን ስታይ ያሳየችውን ደስታ ብታዩ።

ቀኑም አለ። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል፣ ሲስተሙ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ነው፣ ሐምሌ 1 ለእሱ ጁላይ 8 ነው። የወር መዝጊያ ላይ ሁሌም ውዥንብር አለ። ሜኑው አናት ላይ የኢትዮጵያን ቀን ከፈረንጁ ጎን እንዲያሳይ አደረጉልን። እኔ ጳጉሜን ላይ እንዲፈትኑት ጠየቅኩ። በ2015 ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበራት የ2016 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው፣ በአብዛኛው ዓመት ግን 11 ላይ ነው የሚውለው። ብዙ ቀን ቀያሪ ፕሮግራም እዚህ ላይ ይወድቃል። የእነሱ አልወደቀም። ቀጣዩ የ6 ቀን ጳጉሜን በ2019 መጨረሻ ነው፣ ያኔም ደህና ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

አሁን የቀነስኩት ነጥብ። ከሜኑ ላይ አንድን ነገር መሰወር መከልከል አይደለም። ስቶር ኪፐሩ የዋጋ ዝርዝሩን ሜኑው ላይ አያየውም፣ ጥሩ። ግን ቢሮ ውስጥ ዳታውን ወደ ኤክሴል የሚያወርዱ ሰዎች አሉ፣ እነሱ በሜኑ አይደለም የሚሄዱት፣ ቀጥታ ፋይሉ ጋ ነው የሚደርሱት። ፋይሉ ላይ ፈቃዱ ካልተስተካከለ ሜኑውን ያልተፈቀደለት ሰውም በዚያ በኩል ሊያየው ይችላል፣ ሊቀይረውም የሚችልበት አጋጣሚ አለ። ልጆቹ ይህንን ያውቃሉ። ሪፖርታቸው ላይም ጽፈውታል። ግን «ከውሉ ውጭ ነው» ብለው አለፉት። ውሉን የፈረምነው እኛ ነን፣ ልክ ናቸው። ቢሆንም መግቢያና ሜኑ እሠራለሁ የሚል ቡድን ይህንን ከሥራው መነጠል የለበትም ብዬ ነው የማምነው፣ ምክንያቱም አለቆች አዲሱን ንጹሕ ሜኑ ሲያዩ ሁሉም ነገር የተቆለፈ ይመስላቸዋል። ይህ ስሜት ከድሮው ውዥንብር የበለጠ ያሳስበኛል።

ትንንሾቹንም ልናገር። ሜኑው በእንግሊዝኛ ነው የቀረው። አረንጓዴው ስክሪናችን ላይ ፊደላችን አልወጣም፣ ፕሮግራሙ የተጻፈው ለእንግሊዝኛ ብቻ በነበረ የፊደል ኮድ ነው። ስለዚህ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት በላስቲክ ለብጠው በየኮምፒውተሩ ጎን ለጠፉ። ይረዳል፣ ግን ወረቀት ነው። ሥልጠናውም ለቀን ሠራተኛ ብቻ ነበር የተሰጠው፤ የማታ ፈረቃ የተማረው ከቀኑ ሰው በአፍ ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በጣም የተቸገሩት እነሱ ናቸው። የወር መጨረሻ ሪፖርቶች ሜኑ ደግሞ እስካሁን አልተነካም፣ ያው የድሮው ጫካ ነው።

ዋጋውን በቁጥር አልጽፍም፣ እንደ ተጠቃሚው ብዛትና እንደ ፕሮግራሙ ይለያያል። በሁለት ዙር ነው የተከፈለው፣ 15 በመቶ ቫቱ ታስቦ፤ ከኢአርፒው ፕሮፎርማ ጋር በጭራሽ አይወዳደርም። አዲስ ሲስተም አይገባም እያልኩ አይደለም። አንድ ቀን ይገባል። ግን ያኔም ቢሆን ማን ምን እንደሚሠራ፣ ማን የቱን እንደሚከፍት አሁን ተጽፎ አለ፣ ድሮ ይህንን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

እንደዚህ ዓይነት ሥራ ልታሠሩ ካሰባችሁ ውሉ ላይ እነዚህን አስገቡ። የሜኑዎቹ ሶርስ ኮድና የተቀየረው ሴቲንግ ሁሉ ዝርዝር በጽሑፍ ለእናንተ ይሰጥ፤ እኛ ይህንን አስቀድመን ስለጠየቅን አግኝተናል። የድሮው ሜኑ ለተወሰነ ጊዜ ጎን ለጎን ይቆይ። ሥራው በሐምሌ ቆጠራ ወይም በወር መዝጊያ ሳምንት አይጀመር። የማታ ፈረቃ ሥልጠና በስም ይጻፍ። የፋይል ፈቃድ ጉዳይም እዚያው ውሉ ውስጥ ይግባ፣ «በኋላ እናየዋለን» አይባል። እኛ ለፋይል ፈቃዱና ለሪፖርት ሜኑው ሌላ ዙር ሥራ እየተነጋገርን ነው፣ ከጨረሱት አምስተኛዋን ነጥብ እዚሁ እጨምርላቸዋለሁ።